ሆራ የጠጣችው ሚጥሚጣ

እኔ እንኳን ተክል የሚባል ነገር ብዙም አላከብርም ነበር። ምኑ ይከበራል? ካቆሙት ቦታ አይነቃነቅ፣ የሰጡትን ይጠጣል፣ ቢቆርጡት አይጮህ። «እንዲህ ያለ ባል ነበር የሚያስፈልገኝ» እያልኩ ስቀልድበት ነው የኖርኩት። ጅማ ደግሞ ተክል ለማክበር አትመችም። ልብስ ላሰጣበት ያቆምኩት እንጨት እንኳ ቅጠል አውጥቶ ገመዱን ውጦብኛል። ሁሉ ነገር ሳይለምኑት በሚበቅልበት አገር ስለ ሥር የሚያስብ ማን ነው?

ይህን ንቀቴን ያስጣለችኝ አንዲት ሚጥሚጣ ናት። ቁመቷ ከጉልበቴ አይበልጥም። አሁን በአጠገቧ ሳልፍ ሰላም ልላት ይቃጣኛል። ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ነው የምተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊንጆ ጉዱሩ በሚባለው ሰፈራችን ከእኔ አጥር ወዲያ ነጃት የምትባል ጎረቤት አለችኝ። በአጥራችን መካከል ሰው የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ልንደፍናት ስንስማማ ስንት ዘመናችን፤ ግን ወሬው በየት ይለፍ? እናም ነጃት እናቷ አዴ ሸምሲያ ሲሞቱባት አባቷን ከሸቤ ገጠር አምጥታ ቤቷ አስቀመጠቻቸው። አባ ጨብሳ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲያረቡና ሲነግዱ የኖሩ፣ ዘንጋቸውን ይዘው መንገድ ሲያቋርጡ ባጃጅ ሁሉ የሚቆምላቸው ሰው ናቸው።

መጡ። ግን አይበሉም። እምቢ ቢሉ እኮ ደግ ነበር፤ ከእምቢታ ጋር መጣላት ይቻላል። እሳቸው ሁለት ጉርሻ ይጎርሱና «አልሃምዱሊላህ» ብለው እጃቸውን ይታጠባሉ። ጣመ አይሉ፣ መረረ አይሉ። ነጃት ገንፎውን በቅቤ አጥለቀለቀችው፣ ዶሮ አረደች፣ ከጅማ መርካቶ በር ላይ ዓሣ ገዝታ ጠበሰች። ሁለት ጉርሻ፣ አልሃምዱሊላህ። ከወር ወር ቀሚሳቸው እየሰፋ ሄደ። ቀሚስ በራሱ አይሰፋም መቼም። ነጃት በቀዳዳዋ ብቅ ትልና «የሃያት እናት፣ አባቴ ዓይኔ እያየ እያለቀብኝ ነው» ትለኛለች። 

አንድ ቀን ምን አምሮዎታል ብላ ብትጨቀጭቃቸው «የእናትሽ ሚጥሚጣ» አሏት። በቃ። ሌላ ቃል የለም።

አዴ ሸምሲያ ሚጥሚጣቸው ሸቤን ሙሉ ያስነጠሰ ነበር። አመላቸው ግን አንድ ነው፤ የተፈጨውን የፈለገ እስኪበቃው ያፍስ፣ ለዘር ብሎ የጠየቀ ግን ወሬ ይቀየርበታል። «የላምህ ወገብ እንዴት ሆነ?» ይሉታል። ላም ባይኖረውም። ስለዚህ ከእሳቸው ጓሮ በቀር ያ ዘር የትም የለም። ጓሮውን ደግሞ ከሞቱ በኋላ የተረከበው ዘመድ ነቅሎ ጫት ተከለበት። የቀረው አባ ጨብሳ በጨርቅ ቋጥረው ይዘውት የመጡት ጭብጥ የማይሞላ የደረቀ ፍሬ ነው።

ከአጥሩ ሥር መደብ ሠሩና ያን ሁሉ ዘሩት። «ማሎ፣ እባክዎ አባ ጨብሳ! ግማሹን እንኳ ለከርሞ ያስቀሩት እንጂ» ብዬ በቀዳዳዋ ጮህኩ።

«ከርሞን ማን ያውቅልኛል፣ ኢንተለ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። አጥሩን ለቅቄ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። 

በቀለላቸው። ችግኙ ደርሶ በደንብ ከተዘረጋ በኋላ ግን በጋው ጠና። ቧንቧውም እንደምታውቁት ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ወር ያኮርፋል። ሚጥሚጦቹ ገረጡ። አባ ጨብሳ ዘንጋቸው ላይ ተደግፈው ሲያዩ ሲያዩ ቆዩና፣ ጠጉሩ የቆመ ጥጃ እንደመረመረ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሆራ አምሯቸው ነው» አሉ።

ሆራን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ከመሬት የሚፈልቅ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው። የእኛ አገር ከብት በየጊዜው ሆራ ካልወረደ ይከሳል፣ ወተቱ ይነጥፋል፣ ድንጋይ ሲልስ ይውላል። ሆራ ጠጥቶ ሲመለስ ደግሞ ቆዳው ቅቤ የቀቡት ይመስላል። ላሚቱ ገና ሽታው ሲደርሳት ጅራቷን ሰቅላ ነው የምትሮጠው። ይህን በዓይኑ ሲያይ የኖረ ሰው ለገረጣች ሚጥሚጣ ሌላ ምን ያዝላት? አባ ጨብሳ ባጃጅ ተኮናተሩ። ቢጫ ጀሪካኖች ተጭነው ሄዱ፣ ሆራ ተሞልተው መጡ። ሹፌሩ «ፋዘር፣ ላሟ የታለች?» ብሎ ሲጠይቅ በጣታቸው መደቡን አሳዩት። ልጁ እስኪወጣ ድረስ ዞር እያለ ያይ ነበር።

አልስቅም። ብስቅ ደግሞ በራሴ ነው፤ ምክንያቱም ከቀናት በኋላ ሚጥሚጦቹ ጠቆሩ። ጥሩ ጥቁረት ነው የምላችሁ። ቅጠሉ ወፈር ብሎ፣ አረንጓዴው ጠልቆ፣ ለዓይን የሚከብድ ሆነ። አባ ጨብሳ በጠዋት ወጥተው መደቡ ዳር ይቀመጡና በዚያ የሚያልፈውን ሁሉ «ሆራ ነው!» ይሉታል። ከጅሬን ተራራ ድረስ ሰፈራችን ለለቅሶ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ መደቡን አድንቀው ሄዱ። ነጃትም በዚያ ሰሞን አባቷ ሦስተኛ ጉርሻ ጎረሱ ብላ በቀዳዳዋ እልል ልትልብኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ነው ያልገባኝ። አፈሩ እርጥብ ነው፤ በጣቴ ነክቼዋለሁ። ሚጥሚጦቹ ግን ቀትር ላይ አንገታቸውን ይደፋሉ። የታችኛው ቅጠል ጫፉ እሳት እንደነካው ወረቀት ያርራል። አበባው ገና ሳይከፈት ይረግፋል። አባ ጨብሳ ይህን ሲያዩ «ጠምቷቸዋል» ብለው ሆራ ይጨምራሉ። በጨመሩ ቁጥር ይብሳል። በባሰ ቁጥር ይጨምራሉ። በአፈሩ ላይ ደግሞ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስል ነጭ ነገር ወጣ።

እኔ ቤት አንዲት ክፍል የተከራየች ትርሲት የምትባል የግብርና ተማሪ አለች። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ናት፤ አባቷ በሞተር ውሃ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። ለእረፍት አገሯ ሄዳ ኖሮ ያን ሰሞን ተመለሰች። ሻንጣዋን ይዛ በቀዳዳዋ ነጃትን ሰላም ልትል ብቅ ስትል ዓይኗ መደቡ ላይ ወደቀ። ሰላምታውን ረሳችው። ተንበረከከች። ነጩን ነገር በጣቷ ነክታ ቀመሰችው።

«አዴ፣ እዚህ ምን አፈሰሱበት?» አለችኝ። ድምጿ እንደ ሐኪም ሆነብኝ።

ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። ነጩ ጨው እንደሆነ፣ የአባቷ አንዱ ማሳም እንዲህ ጨው ለብሶ እንደቀረ፣ አሁን ፍየል እንኳ እንደማይቆምበት ነገረችን። ነጃት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። አባ ጨብሳ ግን ተቆጡ። ላም ጠጥታ የምትወፍርበትን ውሃ ሚጥሚጣ ምን ታደርገዋለች፣ እሳቸው ሆራን ከማንም ተማሪ በፊት ያውቁታል፣ ውሃውስ መቼ መርዝ ሆኖ ያውቃል አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰውዬው ሞኝ አይደሉም። የሚያውቁትን ነው የሠሩት፤ የሚያውቁት ግን ላም ነው።

ትርሲት አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አባ፣ ላም የማትፈልገውን ጨው ትሸናዋለች። ይቺ በየት ትሽና?» አለች።

 አባ ጨብሳ በዘንጋቸው ቅጠሉን ገለጥ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሚጥሚጣዋን ዙሪያዋን አዩአት። ወላሂ፣ ፈልገውላት ነው። ቀና ሲሉ የከብት ንግድ የከሸፈበት ሰው ይመስሉ ነበር።

«ታዲያ ውሃ ውስጥ ቆማ ነው የጠማት?» አሉ።

«አዎ አባ። ውሃ ውስጥ ቆማ።»

እኔ ተከራዮቼ ሲመረቁ ጥለውልኝ የሚሄዱትን መጽሐፍ አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። በዚህ ዓይነት ስለ ከብት ወስፋት፣ ስለ ድልድይ አሠራር፣ ስለ ጥርስ አነቃቀል ለጊንጆ ጉዱሩ ከሚያስፈልገው በላይ አውቃለሁ። ስለ ሥር ግን ጥሎልኝ የሄደ አልነበረም። የትርሲትን መጽሐፍ ወስጄ ከምሳ በኋላ አነበብኩት፤ ያልገባኝን እሷን ጠየቅኩ። የገባኝ ዕለት መጽሐፉን እንደያዝኩ ወጥ ቤቴ ገባሁ።

ለሰላጣ የከተፋችሁት ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነስንሼ ሶላት ሰግጄ ስመለስ ሳህኑ ውሃ አቁሮ ነው የማገኘው። ስንት ጊዜ ደፍቼዋለሁ! ከየት መጣ፣ ማን ጎትቶ አወጣው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ለካ ውሃ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል። ሥር አፍ የለው፣ ጥርስ የለው፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከአፈሩ ውሃ ወፈር ስላለ ብቻ ውሃው ራሱ ይገባለታል። ተክል ሁሉ በዚህ ነው የሚኖረው። የጅሬን ዋርካ፣ በለጠ የሚባለው ጫካ ቡና፣ ልብስ የማሰጣበት እንጨት ሳይቀር። አፈሩ ከሥሩ የበለጠ ጨው ሲይዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ውሃው አፈሩ ዘንድ ይቀራል። ይባስ ብሎ የገባውም ሊወጣ ይችላል። ሱብሃነላህ! ያቺ የናቅኳት፣ ከቦታዋ የማትነቃነቅ ፍጥረት ጉድጓዷ ውስጥ በዝምታ ጉተታ ላይ ነበረች፤ እኛ ደግሞ ከላይ ጀሪካን ይዘን ለተቃራኒው ወገን እንጨምር ነበር።

መፍትሔው አንድ ነው አለች ትርሲት። ጣፋጭ ውሃ፣ ማለትም ጨው የሌለው ውሃ፣ ብዙ፤ ጨውን ይዞ ከሥሩ በታች እስኪወርድ። መደቡ ከፍ ያለ ስለሆነና አፈራችን ውሃ ስለሚያሳልፍ ተስፋ አለ። ለሁሉ ግን አልማልም አለች። ቦይ ቀደደችላቸው። ውሃ ከየት ይምጣ? ቧንቧው አኩርፏል።

ነጃት እየሮጠች ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ ይዛ መጣች። «ጨው አለው!» ብለን ሁለታችን ጮህንባት። ሩዝ ያጠበችበትን አመጣች፤ እሱ ይሁን ተባለ። የተቀቀለበትን አመጣች፤ «ጨው!» አልን። ለካ ቤታችን ውስጥ ጨው ያልነካው ነገር የለም። ነጃት መደቡ ዳር ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ «ይሄ ከሞተ አባቴም አይቆይልኝ» እያለች። እኔም ጨካኝ አይደለሁም፤ ግን ምላሴ ቀደመኝ፤ «ሂጂ ወዲያ አልቅሺ! እንባም ጨው አለው» አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች። ደግሞ እውነትም ፈቀቅ አለች።

መላውን ያገኙት አባ ጨብሳ ናቸው። ሳሙናም ጨውም የማይነካው፣ ከየቤቱ በየሶላቱ የሚፈስ ውሃ ምንድነው? የውዱእ ውሃ! ከዚያች ቀን ጀምሮ የሁለታችን ቤት ሰው ሁሉ ለሶላት የሚታጠበው መደቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ሆነ። ወሬው ሲሰማ ጎረቤቱም ኩስኩስቱን ይዞ መጣ። አንዱ እግሩን ሲያጥብ አባ ጨብሳ በዘንጋቸው ያመላክቱታል፤ «ወደዚያችኛዋ ፈቀቅ በል፣ እሷ አልደረሳትም።» ያ እኮ ሰው እግሩን እየታጠበ ነው! ትርሲት ክርስቲያን ናት፤ እሷም ጠዋት ፊቷን እዚያው መታጠብ ጀመረች። ሶላቱን የሚያዘገይ የነበረ አንድ ጎረቤታችን እንኳ በሚጥሚጣ ምክንያት ሰዓት አከባሪ ሆነ። ስሙን አልጠራም፤ ያነብ ይሆናል።

ብዙዎቹ ሞቱ። አባ ጨብሳ የደረቀችውን በነቀሉ ቁጥር ሥሯን አራግፈው ያዩና ከአጥር ውጭ ይጥላሉ። ሦስት የደረሰው ጉርሻም ወደ አንድ ወረደ። መደቡ ዳር ያለችው ትንሿ ሚጥሚጣ ግን አንድ ነገር ታደርግ ነበር። የታች ቅጠሎቿ አንድ በአንድ ያርራሉ፣ ይረግፋሉ። ጫፏ ላይ ያለችው ጨቅላ ቅጠል ግን እንደለመለመች ናት። ሞት ከታች እየበላት ነው የመጣው ብዬ ለትርሲት ብነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ እየሞተች አይደለም፣ እየሠራች ነው አለችኝ። የገባባትን ጨው ካረጁት ቅጠሎች ላይ ታከማቸዋለች። ሲሞሉ ትጥላቸዋለች። ለጫፏ እንዳይደርስ። የወደቀውንም ቅጠል መልቀም አለብን፣ መልሶ አፈሩ ውስጥ እንዳይበሰብስ አለች።

አላመንኩም። የወደቀ ቅጠል አንስቼ ምላሴ ላይ አደረግኩ። ጨው ጨው ይላል።

 መሽኛ የላትም ብለን ስንስቅባት እሷ ለካ የራሷን መውጫ ሠርታለች። እኛ ሰዎች ክፉ ነገር ሲገባን ለማን ነው የምናወርሰው? ለልጆቻችን አይደል? ስድባችንን ለልጆቻችን፣ ቂማችንን ለልጆቻችን። ይቺ ማንም ያላስተማራት የጓሮ ቅጠል ጉዳቷን ያረጁት ይሸከሙት ብላ ልጇን በንጹሕ ውሃ ታሳድጋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እንግዲህ ሰላም ልላት የሚቃጣኝ።

የበልጉ ዝናብ ሲገባ ነገሩን ከእጃችን ተቀበለን። የጅማ ዝናብ ሲዘንብ ታውቁታላችሁ፤ ቦዩ እየሞላ ነጩን ነገር ይዞት ሄደ። የተረፉት ጥቂቶቹ ቆረቆዙ እንጂ ቆሙ። አበቡ፤ አበባውም አልረገፈም። ፍሬው ትንሽ ነው፣ የተጨማደደ ነው፣ ቁጥሩም አያኮራም። ግን ቀላ።

የመጀመሪያው በደንብ የቀላ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ነጃት ግቢ ተሰበሰብን። ትርሲት ፍሬዎቹን በምላጭ ሰንጥቃ ዘሩን በጥንቃቄ ወረቀት ላይ አወጣች፤ ዘሩ ይደርቃል፣ ይቀመጣል። ሥጋውን ቆራርጣ ለአባ ጨብሳ አቀረበች። ነጃት የበቆሎ ቂጣና እርጎ አጠገቡ አስቀመጠች። ሳህኑን ደጋግማ ታቃናለች። የእናቷ ካልሆነስ? ሆራው አበላሽቶት ቢሆንስ?

አባ ጨብሳ «ቢስሚላህ» ብለው ሚጥሚጣውን በቂጣው ጠቅልለው ጎረሱ። አኘኩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ዓይናቸው ሞላ። ዘንጋቸውን ጨበጥ አደረጉ።  ዋጡ። ሁለተኛ ጎረሱ። ሦስተኛ። እርጎውን ጠጡ። አራተኛውን ጠቅልለው ወደ አፋቸው ሲያደርሱ ቆም አሉ፤ ግንባራቸውን አኮማትረው ልጃቸውን አዩአት።

«ነጃት!» አሉ በቁጣ። እነዚያን ሁሉ ወራት ያልሰማነው ቁጣ ነው። «እናትሽ ምንም ሳታስተምርሽ ነው የሄደችው? ቂጣው ጨው የለውም እኮ!»

ነጃት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ይሳቅ ይለቀስ አልታወቀም። ትርሲት ሰማይ ሰማይ ታያለች። ሽማግሌው አራተኛውን ጉርሻ አየር ላይ ይዘው ይጠብቃሉ። እኔ ተነስቼ ቤቴ ሮጥኩ። የጨው ዕቃዬን ይዤ ስመለስ ግን በቀዳዳዋ አልገባሁም፤ መደቡ አጠገብ ናታ። ሰፈሩን ዞሬ በዋናው በር ገባሁ።